ሁለት ቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ

ሟቹ ሰኞ ዕለት ሲገኝ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የጓሮዋ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ነበር። በቀኝ እጁ ጣቶች ጫፍና በግራ መዳፉ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ። አጠገቡ የሰው ቁመት ያህል የሆነ፣ ራክ የሚሉት የብረት መደርደሪያ ቆሟል። ራኩ ላይ ከየመሥሪያ ቤቱ ከተጣለ ዕቃ ተለቅመው የመጡ ሰባት አሮጌ የኔትወርክ ማሽኖች፣ ራውተሮችና ስዊቾች፣ ተደርድረው አረንጓዴ መብራታቸውን ያርገበግባሉ፤ ማራገቢያቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ይጮኻል። ሰውየው የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። በትርፍ ጊዜው ራሱ የሚለማመደውም፣ ለፈተና የሚዘጋጁትን የሚያስተምረውም በዚህችው ክፍል ነበር።

ሐኪሙ «በኤሌክትሪክ ተይዞ ነው የሞተው፤ ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ» ብሎ ፈረመ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ደግሞ ሶኬቱን በመለኪያው ፈተሸ፣ ራኩን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰና «እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር የለም» ብሎ ፈረመ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያነበው አንድ ነገር ነው፤ የገደለውን ነገር ከሞቱ በኋላ ያነሳ ሰው አለ።

ፋይሉ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት አዛዡ። «ጓደኝየው ነው። ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ሲጣሉ የቤቱ ተከራይ ሰምታለች። ‹ይገድልሃል› ብሎታል፤ አልካደም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ቆይ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አልከፋትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲቸኩል ቆማ የተረፈላት ስም ይኸው ብቻ ነው።

«‹እገድልሃለሁ› ነው ያለው ወይስ ‹ይገድልሃል›?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ለሟቹ ምንም የለውም። ለታሰረው ግን ትንሽ ሳይኖረው አይቀርም» አለችና ፋይሉን አንስታ ወጣች።

ጓደኝየው ቀጭን፣ ቁመቱ ከበር በላይ የሆነ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ «አንቴና» ነው የሚባለው። ሦስት ቀን በእስር ቤት አድሮ ዓይኑ ጎድጉዷል። መርማሪዋ ገና ወንበር ሳትስብ ቀድሞ ጠየቃት።

«አባባ እንዴት ናቸው?»

«የማን አባት?»

«የእሱ... የሁለታችንም በይው። እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ምሳቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው ካልኖረ ሳይበሉ ይውላሉ።»

በነፍስ ግድያ የተያዘ ሰው ስለ ጠበቃ ይጠይቃል፣ ስለ ዋስ ይጠይቃል። ስለ ሟቹ አባት ምሳ የጠየቀ ሰው ግን መርማሪዋን አጋጥሟት አያውቅም።

«ሰኞ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ የት ነበርክ?»

«ቢሮ። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሃያ ሰው አይቶኛል። አዛዡ ግን ‹ወጥመዱን አዘጋጅተህ ነው የሄድከው› አሉኝ።»

«ወጥመዱን ማን አነሳው ታዲያ?»

አንቴና ጣቶቹን አቆላለፈ።

«‹ይገድልሃል› ያልከው ምኑ ነው? ማን ነው የሚገድለው?»

«ተናድጄ የተናገርኩት ነው።»

«በማን?»

«በቃ፣ እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊው። ቶሎ ይለቅ።»

«ለማን ብለህ?» ብላ አልጠየቀችውም። አፉን እንደማይከፍት ገብቷታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ሟቹ ቤት ደረሰች። በሩን የከፈተችላት ታናሽ እህቱ ነበረች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ፊቷ እንቅልፍ አያውቅም። ቤቱ ትንሽ፣ ጽዱ፣ ሁሉ ነገር በቦታው የተቀመጠበት ቤት ነው። መርማሪዋ እንደ ልማዷ ሰው ከማየቷ በፊት ግድግዳ አየች፤ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሶኬቱ፣ የደወሉ ሽፋን። የሁሉም ብሎን ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። አንድም የተጋደመ የለም።

«ብሎኖቻችሁ ሰልፍ የያዙ ወታደሮች ናቸው እኮ» አለች።

እህትየዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። «የአባዬ አመል ነው። አርባ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ብሎን አጋድሞ የሄደ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ እንደወጣ ነው የሚቆጥረው። ልጆች ሳለን እኔንም ወንድሜንም ካቻቢቴ አስይዞ ያሠራን ነበር። ካጋደምን አስፈትቶ ያስደግመናል።»

«አንቺንም?»

«እኔንማ አብዝቶ! ከእሱ እኔ እሻል ነበር።» ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት። ከሥራ በቀጥታ።»

«ማሽኖቹ በርተው ነበር?»

«በርተው ነበር። ሁሌም በርተው ነው የሚውሉት።»

በዚህ መሀል አንድ አዛውንት ግድግዳውን እየዳበሱ ከመኝታ ቤት ወጡ። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። የደረት ኪሳቸው በቁርጥራጭ ሽቦ ተሞልቷል።

«እንግዳ አለ እንዴ? ልጄን ፈልገሽ ነው? ሥራ ሄዷል» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሥራ ነው አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ አባዬ፣ ሥራ ነው። ቁጭ በል።»

መርማሪዋ እህትየዋን አየቻት። እህትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

«ማክሰኞ ጠዋት ነግሬው ነበር። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት አየሁ። ከሰዓት በኋላ ‹ልጄ የት ሄደ?› አለኝ። እንደገና ነገርኩት። እንደገና እንደ አዲስ ሰማው፣ እንደገና እንደ አዲስ አለቀሰ። ትናንት ቀብር ቦታ ላይ ክንዴን ይዞ ‹ማን ነው የሞተው?› አለኝ። ‹ጎረቤት ነው› አልኩት። ‹ምስኪን፣ ወላጅ ይኖረው ይሆን?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አቅም አጣሁ።»

መርማሪዋ የራሷን እናት ሁለት ዓመት አስታምማለች። ያንን ዓይን፣ ሰውን እያየ ሌላ ዘመን የሚፈልገውን ዓይን፣ ታውቀዋለች። አዛውንቱ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እስቲ ያሳዩኝ።»

አዛውንቱ ፊታቸው በራ። ሽቦዎቹን ጭናቸው ላይ ዘረጉላት፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦውን ሲነካ ግን ይረጋል።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ግራውንድ ነዋ! ጠባቂሽ እሱ ነው። ማሽኑ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድልሽ። ፌዝ ማለት ጥቁሩ ነው፤ የሚገድልሽ እሱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ አለቃዬ በጥፊ ነው ያስተማረኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«አባዬ!» አለች እህትየዋ፤ ድምጿ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «ና ትንሽ ጋደም በል። ደክሞሃል።»

«ኧረ አልደከመኝም...»

«ና በቃ!»

መርማሪዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ እያየች ቆየች። ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ሽቦ በዚህ ቤት ግድግዳ ውስጥ ቀይ እንደሆነ ባለሙያው ብሬከር ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ በሪፖርቱ ላይ ጽፎታል። እህትየዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የጓሮዋ ክፍል ድሮ የልብስ ማጠቢያ ነበረች። የብረት የውኃ ቧንቧ ከራኩ ኋላ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ክፍሏ ከሰኞ ጀምሮ ታሽጋለች፤ ማሽኖቹን ግን ያጠፋ የለም። መርማሪዋ ማኅተሙን ቀድዳ ገባችና ተንበርክካ ሶኬቱን አየች። ሁለቱ ብሎኖች ቀጥ ብለው ቆመዋል። በአንደኛው ስንጥቅ ጫፍ ላይ ግን ካቻቢቴ የፋቀው አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል።

ለባለሙያው ደወለች። «ሶኬቱን ፈትተኸው ነበር?»

«ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ምን ልፍታው?»

«ደግ አደረግህ» አለችና ዘጋችው።

ተከራይዋን አስጠራቻት። በፊት ለፊቷ ክፍል የምትኖር የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ለኔትወርክ ፈተና ከሟቹ ዘንድ ትማር ነበር። «መምህር» ነው የምትለው፤ ስትለው ድምጿ ይሰበራል።

«ሰኞ ምን ሰማሽ?»

«ለምሳ መጥቼ ነበር። ጆሮ መጣል አልወድም...»

«ግድግዳው ግን ቀጭን ነው።»

«ቀጭን ነው» አለች ተከራይዋ አቀርቅራ። «አንቴና ‹ይገድልሃል እልሃለሁ!› ሲል ሰማሁ።»

«ከዚያ በፊትስ? መምህር ምን አለ?»

«ይህን ማንም አልጠየቀኝም። ‹ስለ አባቴ እንዲህ እንዳትናገር› ነው ያለው። ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሥር ሰዓት ላይ ትምህርት ነበረኝ። መጥቼ አንኳኳሁ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ሥራ ይዞ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። እዚያው ተኝቶ ነበር አይደል? እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ?»

መርማሪዋ ትከሻዋን ያዘችላት። እስክትረጋጋ ጠበቀችና ወደ ራኩ ጠቆመች። «እነዚህ ነገሮች መቼ እንደበሩ ማወቅ ይቻላል?»

ተከራይዋ ዓይኗን ጠረገች። «ይቻላል። እያንዳንዱ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ከጠፋ ይረሳና ሲበራ ከዜሮ ይጀምራል። ግን በኮንሶል ነው የምንገባው። መምህር ለልምምድ ብሎ አድራሻቸውን ሁሉ አጥፍቶታል፤ በኔትወርክ ብንጠራቸው አይሰሙም።»

«ኮንሶል ምንድን ነው?»

«የማሽኑ የጓሮ በር በይው። ሌላው ሁሉ ቢዘጋ በእሱ ይገባል።»

ሰማያዊውን ጠፍጣፋ ኬብል ከመንጠቆው አወረደች። አንዱን ጫፍ ከመጀመሪያው ራውተር ጀርባ «ኮንሶል» ከሚለው ቀዳዳ ሰካች፤ ሌላውን በአንዲት ትንሽ ማገናኛ በኩል ከላፕቶፑ ጋር አያያዘች። እጇ ፈጣን ነው፤ በደንብ ተምራለች። «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ስትመታ ግን ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ተዘራ።

«ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ፍጥነቱ ነው ያልገጠመው። ማሽኑ በአንድ ፍጥነት ያወራል፣ ላፕቶፑ በሌላ ፍጥነት ይሰማል። መምህር ሆን ብሎ እየቀየረ ነው የሚፈትነን። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ላድርገው።» አስተካክላ እንደገና መታችው።

ስክሪኑ ጸዳና በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወጣ። ሟቹ ወደዚህ ማሽን በኮንሶል ለሚገባ ሰው ያስቀመጠው ሰላምታ ነው፦

«ፍጥነቱን ራስሽ አስተካክለሽ ከገባሽ ግማሹን ፈተና አልፈሻል። አትፍሪ። እኔ አልፈራሁልሽም።»

ተከራይዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ለሰኞው ትምህርት ነው ያዘጋጀው። ለእኔ ነው» አለች። መርማሪዋም ቸኮልን አላለቻትም።

ጥያቄውን ስትጽፍለት ራውተሩ ሳያመነታ መለሰ፤ ሁለት ቀን፣ አሥራ ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ። ኬብሉን እየነቀለች ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ እስከ ሰባተኛው ሄደች። ከደቂቃዎች በቀር ልዩነት የላቸውም። ሁሉም አብረው ነው የበሩት።

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ሆኗል። በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ሁለት ቀን ሲቀነስ ማክሰኞ አራት ሰዓት፤ አሥራ ስምንት ሰዓት ሲቀነስ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ ሃያ ደቂቃ ሲቀነስ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ሰውየው ግን ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቷል።

«ሰኞ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም። የወጥ ቤቱ ምድጃ ሰዓት መብራት በጠፋ ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ካለፈው ወር ወዲህ የነካው የለም፤ እስካሁን በትክክል ይሄዳል።»

«እንግዲያው ጠፍቶ የበራው የዚህች ክፍል ብቻ ነው» አለች መርማሪዋና ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሄደች። ስምንት ማጥፊያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም።

«የትኛው የየት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አባባና ልጆቻቸው ብቻ። አንቴና እንኳ አንዴ የእኔን ላበራ ብሎ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶብናል።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ከዚያ በእግሯ እስከ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። እህትየዋ ሰኞ መቼ እንደወጣች ስትጠይቀው ባለቤቱ ለመመለስ ብዙ አላሰበም።

«ሰኞማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላት። ድምፁን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሽማግሌ ነው። ‹ወንድምሽ ወለል ላይ ተኝቶ ብጠራው አልሰማ አለኝ› ይላል። ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ሮጣ ወጣች።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣችና አንድ ግንብ ላይ ተቀመጠች። አሁን ሁሉንም አውቃዋለች፤ እውነቱ እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም። ብትናገር አንድ አባት የሚሰማው ነገር አለ። ዝም ብትል ነገ ጠዋት ንጹሕ ሰው በነፍስ ግድያ ይከሰሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። አንቴና እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀመጠ። ተከራይዋ መስኮቱ ሥር፣ እህትየዋ በመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ነበሩ።

«አባትሽ ተኝተዋል?»

«አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

«በሩን ዝጊው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው» አለች መርማሪዋና ጀመረች። «አንድ ሰው በአንድ እጁ ራኩን፣ በሌላው የውኃ ቧንቧውን ይዞ ሞተ። የሁለት እጁ ቃጠሎ ይህን ይላል። ራኩ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ግን ራኩ ንጹሕ ነው። ስለዚህ አዛዡ ‹ገዳዩ ማስረጃውን አነሳ› አሉ። ማንሳቱ እውነት ነው። የተነሳበትንም ደቂቃ ሰባቱ ማሽኖች ነግረውኛል፤ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። አንቴና በዚያ ሰዓት ሃያ ሰው መሀል ተቀምጧል።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!» አለ አንቴና ከመቀመጫው እየተነሳ። ፖሊሱ መልሶ አስቀመጠው።

«ቆይ። ያነሳው ሰው የቤቱን መብራት ሳይነካ የዚያችን ክፍል ብሬከር ብቻ ነው ያጠፋው፤ ስሙ ካልተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ሳይሳሳት። ሶኬቱን ፈታ፣ አስተካከለ፣ መልሶ ገጠመ። ሲገጥም እጁ ተንቀጥቅጦ ብሎኑን ፋቀው፤ ቢሆንም ስንጥቁን ቀጥ አድርጎ ነው የሄደው። ሬሳ አጠገቡ ተኝቶ ብሎን የሚያስተካክል ሰው ለማሳመር ብሎ አይደለም። እጁ ሌላ አያውቅም።»

እህትየዋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ገብተሻል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትሽ ደውለውልሻል።»

«ገላው ቀዝቅዞ ነበር» አለች እህትየዋ። «መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ አንገቱን ዳበስኩ፣ ደረቱን ገፋሁ። ይነቃል ብዬ አይደለም፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ከዚያ ቀና ስል ማሽኖቹ አንዳቸውም አልበሩም። ብሬከሩን አጥፍቼ ሶኬቱን ስፈታ ቀዩ ግራውንዱ ቦታ ላይ ታስሯል፤ ጥቁሩ በፌዙ ቦታ። ማን እንዳሰረው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ብሎኖቹ ቀጥ ብለው ነበር።»

ተከራይዋ «አባባ?» አለች፤ ከትንፋሽ ያለፈ ድምፅ አልወጣትም።

«አዎ» አለች መርማሪዋ። «ወጣት ሳሉ በተማሩበት ፋብሪካ ቀይ ሽቦ ግራውንድ ነበር። ከዚያ ደንቡ ተለወጠ፤ እሳቸውም አብረው ተለወጡና አርባ ዓመት በአዲሱ ሠሩ። አሁን አእምሯቸው አርባውን ዓመት እየጣለ ወደ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ሲመለስ እጃቸውም አብሮ ተመለሰ። በዚያ አሠራር ማሽኖቹ አይበሩም፤ ብረታቸው ግን ይገድላል። ልጃቸው ገባ፣ መብራት አላየም፣ ኤሌክትሪክ የለም ብሎ እጁን ሰደደ። ነፍሰ ገዳይ የለም። ነፍሰ ገዳይ የፈጠረው ይህ መደበቅ ነው።»

«ሰኞ ጠዋት አባባን የለመናቸው እሱ ራሱ ነው» አለ አንቴና። እንባው እየወረደ፣ እጁ ስለታሰረ ሳይጠርገው። «‹አባዬ፣ ያ ሶኬት ላልቷል፤ ያንተን እጅ ይፈልጋል› አላቸው። ከስድስት ወር ወዲህ ሥራ የለመናቸው ሰው አልነበረም። እንዴት ደስ እንዳላቸው! ‹አትስጣቸው፣ ይገድልሃል› አልኩት። እንቢ ሲለኝ ‹ቢያንስ ከኋላ ሄደህ ፈትሸው› አልኩት። ‹የአባቴን ሥራ ከኋላው እየሄድኩ አልፈትሽም› አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እኔ ራሴ ብፈትሸው ምን ነበረበት? አንድ ደቂቃ ነው እኮ!»

«አንተን ሲይዙህ ልናገር ነበር» አለች እህትየዋ ወደ እሱ ዞራ። «በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ። አባዬን ሳየው ያቅተኛል። ልጁ መሞቱን ሁለቴ ነገርኩት፤ ገዳዩ አንተ ነህ ብዬ ስንቴ ልንገረው?»

«አንቺስ ምን አጠፋሽ። እኔም ለዚሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቶ ነበር። መቼ እንደተከፈተ ያየ የለም። አዛውንቱ በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ዓይናቸው የጠራ ነው፣ የትም አልሄደም።

«ቀዩን የት ነው ያሰርኩት?» አሉ።

እህትየዋ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀዩን የት አሰርኩት?»

እህትየዋ እግራቸው ሥር ወድቃ ጉልበታቸውን አቀፈች። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አምጥተው አገላብጠው አዩዋቸው። ከዚያ አርባ ዓመት ሙሉ የማንንም ቤት አቃጥለው የማያውቁትን እነዚያን እጆች ወደ ፖሊሱ ዘረጉ።

«እሰረኝ። ይሄን ልጅ ፍታው፤ እኔን እሰረኝ።»

ፖሊሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዛውንቱ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡና የልጃቸውን የቤት ስም እየጠሩ አለቀሱ። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ የወለዱትና ያሳደጉት፣ ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸው አለቀሱ። መርማሪዋ የአንቴናን ካቴና ልትፈታ ቁልፉን ከፖሊሱ ተቀበለች። በሥራዋ ላይ አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ዕለት አለቀሰች።

«ማስረጃ መነካቱን መጻፍ አለብኝ» አለቻት በኋላ እህትየዋን፣ በር ላይ። «ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቅሻል። አሟሟቱን ግን አደጋ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«የፈለገው ይምጣ» አለች እህትየዋ። «ከእሱ ጋር የሚቀመጥ ሰው ካለ፣ የፈለገው ይምጣ።»

«እኔ አለሁ» አለ አንቴና።

ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እጅጌው መራሱ ገረማቸው። ዙሪያውን አዩ፤ ዓይናቸው አንቴና ላይ ሲያርፍ ፈገግ አሉ።

«አንተ መቃ፣ መቼ መጣህ? ምን ሆናችሁ ነው ዓይናችሁ እንዲህ ያበጠው?»

«ምንም አልሆንንም አባባ። አሁን መምጣቴ ነው።»

«ወንድምህ አልመጣም። ሥራ አብዝተውበታል። ሲመጣ ሶኬቱ አልቋል በለው። ጠዋት ለምኖኝ ነበር፤ አሳምሬ ሠርቼለታለሁ።»

እህትየዋ ከበሩ ተመልሳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ደስ ይለዋል አይደል?» አሏት አዛውንቱ።

«በጣም ነው ደስ የሚለው አባዬ» አለቻቸው።